በባዶ ስትሪፕ የሰጠሁት መድኃኒት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። የድራጊስትነት ዲፕሎማዬን በላስቲክ ሸፍኜ፣ አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ አሰላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አለቃዬ አቶ በቀለ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ይሄ ጋዋን እስከ ማታ ነጭ ከሆነ አልሠራሽም ማለት ነው» አሉኝ። ሰላምታቸው ይኸው ነበር።

መቁጠሪያ ሳህንና ስፓቱላ ሰጡኝ። ሺህ ፍሬ ከሚይዘው ትልቅ ጣሳ ላይ ክኒን እያፈሰስኩ፣ አምስት አምስት እየቆጠርኩ፣ በትንንሽ የወረቀት ፖስታ ከተትኩ። ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ይሳላል። ፀሐይ ለጠዋት፣ ጨረቃ ለማታ። ክረምት ነበርና አንድ ገበሬ ፖስታውን አገላብጦ አየና «ፀሐይ ካልወጣችስ? ዘንድሮ እኛ አገር ካየናት ሳምንት አልፎናል» አለኝ። ሳቄ መጣ። አቶ በቀለ ግን ቆጣ ብለው «ጥያቄው ልክ ነው፣ ስዕሉ ነው ያላስረዳው። ሲነጋና ሲመሽ ብለሽ ንገሪው» አሉኝ።

በዚያ ዘመን የደም ቅባት መድኃኒት የሚባል ነገር መደርደሪያችን ላይ አልነበረም። የሳንባ ነቀርሳ፣ የወስፋት፣ የቁስል፣ የሳል መድኃኒት ነበር። የሰዉ በሽታ ማጣት ነበረ። ትራይግሊሰራይድ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በማዘዣ ላይ ሳይ በሥራዬ ላይ አርጅቼ ነበር ማለት ይቻላል።

ለማያውቀው ልናገር። ትራይግሊሰራይድ በደም ውስጥ የሚዞር ስብ ነው። ከመቶ ሃምሳ በታች ሲሆን ደህና ነው። አምስት መቶን ሲያልፍ ያስፈራል፤ ሺህ ሲገባ ቆሽትን አስቆጥቶ ሰው ሊገድል ይችላል። የሚያወርዱት መድኃኒቶች ብዙ አይደሉም። ፊኖፋይብሬትና ጄምፋይብሮዚል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ስታቲን የሚባሉት ዋና ሥራቸው ኮሌስትሮል ላይ ነው፤ ለዚህኛውም ጥቂት ያግዛሉ። የዓሣ ዘይትም አለ፣ በትልቅ መጠን ከተወሰደ።

በዓሣ ዘይቱ ነው መጀመሪያ የተናደድኩት። አንድ መምህር ከሆነ ሱቅ የገዛውን ጠርሙስ ይዞ መጣና «በቀን አንድ ውጥ ተብያለሁ፣ ደሜን ያጥብልኛል?» አለኝ። ጀርባውን አነበብኩለት። ሐኪም የሚያዘው መጠን ላይ ለመድረስ ከዚያ እንክብል በቀን ከአሥር በላይ መዋጥ ነበረበት። ደመወዙን ለጠርሙስ ገብሮ፣ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት አቁሞ ነበር። ሻጩ ጋ ሄጄ «ሰው ለምን ታታልላለህ?» ብዬ ጮህኩ። «ዓሣ መቼ ሰው ጎድቶ ያውቃል?» ብሎ መለሰልኝ። ሳቀብኝም።

በጡረታ ስወጣ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ዳንኤል የሚባል የከተማችን ነጋዴ መድኃኒት ቤት ሊከፍት ኃላፊ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። ገንዘቡ የእሱ፣ የሙያ ፈቃዱ የእኔ ሆነ። ፈቃዴ ከነፎቶዬ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከጎኑ «ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት አንሸጥም» የሚል ጽሑፍ በወርቃማ ፊደል ተለጠፈ። ዳንኤል ራሱ ነው ያሠራው። እኛም ከሥሩ ቆመን በየቀኑ ስንሽረው ኖርን።

ዳንኤል ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ይጠነቀቁታል። ትሑት ነው፣ እርስዎ እያለ ነው የሚያዘኝ። «እትዬ አስቴር፣ ደንበኛ ባዶ እጁን አይውጣ። የፈለገው ከሌለ ዘመዱን ይስጡት» ይለኛል። ዘመዱ ማለት የዚያው ቤተሰብ የሆነ ሌላ መድኃኒት ማለት ነው። «የለም» የሚል ቃል ከባንኮኒው ጀርባ እንዳይሰማ ከለከለ።

የእኛ አገር አሠራር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። የዲክሲስ፣ የሮቤ፣ የሲሬ ሰው መድኃኒቱ ሲያልቅ አሰላ ድረስ አይመጣም። ባዶውን ስትሪፕ፣ ክኒኑ የተፈለፈለበትን ያንን ብልጭልጭ ወረቀት፣ ከብሩ ጋር በላስቲክ አስሮ ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል። ሾፌሩ ጠዋት ያመጣል፤ ከሰዓት ሙሉውን ይዞ ይመለሳል። ማዘዣ የለም፣ በሽተኛ የለም፣ ስትሪፑ ብቻ አለ። ገበሬው ላይ አልፈርድም፤ በአጨዳ ሰሞን አንድ ቀን መጥፋት ምን እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። የምፈርደው ከባንኮኒው ወዲህ ባለነው ላይ ነው።

ሐጂ አማን መጀመሪያ የመጡት ግን ራሳቸው ናቸው። የዲክሲስ ገበሬ ናቸው፤ ስንዴና ገብስ ያመርታሉ። ቁመታቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ነው። ቆሽታቸው ተቆጥቶ ሆስፒታል ተኝተው ገና መውጣታቸው ነበር። ትራይግሊሰራይዳቸው ከሺህ በላይ ነበር። ልጃቸው ረሂማ፣ እዚያው ዲክሲስ የምታስተምር ጎልማሳ ሴት፣ ማዘዣውን ይዛለች።

«የላብራቶሪው ሰው ደሜን በብልቃጥ አቁሞ አሳየኝ» አሉኝ ሐጂ። «ከላይ ወተት ተንሳፍፎበታል። ወላሂ ወተት ነው። ላሞቼ የነጠፉት ለካ እኔ ወስጄባቸው ነው።»

ረሂማ አልሳቀችም። እኔ ግን ሳቅኩ፤ ከዚያ አመጋገባቸውን ጠየቅኳቸው።

«ቅቤ ተው አሉኝ፣ ተውኩ። ጩኮ እንኳ ቤቴ ከተበላ ቆይቷል» አሉ። ጩኮ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ አርሲ ውስጥ እንግዳና ደካማ የሚከበርበት ምግብ ነው።

«ሻይስ ይጠጣሉ?»

«ሻይማ እጠጣለሁ። ሻይ ቅባት አለው እንዴ?»

«ስኳሩ ስንት ማንኪያ ነው?»

ረሂማ ቀደመችና «አምስት። ለስላሳውን ሳንቆጥር» አለች።

ደሜ ፈላ። ስኳርና ለስላሳ ትራይግሊሰራይድን እንደ ቅቤው፣ አንዳንዴም ከቅቤው በላይ ከፍ ያደርጋሉ። ቆሽቱ ሊፈነዳ ደርሶ ለዳነ ሰው ይህን የነገረው አልነበረም። «ቅባት አትብላ» ብሎ ማሰናበት ለሐኪሙ ቀላል ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ተቀምጬ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ፊኖፋይብሬቱን በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር ብዬ ሰጠኋቸው። ሲወጡ «ገለቶሚ ኢንተለ ኮ» ብለው መረቁኝ፤ ልጄ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ከዲክሲሱ የሚኒባስ ሾፌር ከከማል ጋር የላብራቶሪ ውጤታቸውንና አንድ ማዳበሪያ ድንች ላኩልኝ። ቁጥሩ ወርዶ ነበር። ውጤቱን ለዳንኤል እንኳ አሳየሁት። ያን ቀን በሙያዬ ኮራሁ፤ ኩራቱ አሁን ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ሐጂን አላየኋቸውም። በየወሩ የማየው ከማልንና ባዶ ስትሪፓቸውን ነው። በመሃል የመንግሥት ሐኪም ከስታቲኖቹ አንዱን፣ ሲምቫስታቲንን፣ ጨምሮላቸዋል። ጤና መድን ስላላቸው ያንን ከመንግሥት መስኮት በነፃ ይወስዳሉ፤ ፊኖፋይብሬቱ እዚያ ስለማይገኝ ከእኛ ይገዛሉ። የሲምቫስታቲኑ ስትሪፕ ወደ እኔ የሚላክበት ምክንያት የለም። ሁለቱን መድኃኒት አንድ ላይ የሚያይ አንድም ባለሙያ አልነበረም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከረፈደ ነው።

በአጨዳ ሰሞን አንድ ቀን ከማል ስትሪፑን ባንኮኒ ላይ ጣል አደረገ። ፊኖፋይብሬት ካለቀብን ሳምንት አልፎታል።

«ከማል፣ ይሄ የለም። አዳማ ያፈላልጉ በላቸው» አልኩት።

ዳንኤል ከመጋዘኑ በር ብቅ አለ። «ጄምፋይብሮዚል አለ አይደል እንዴ? ዘመዱ ነው።»

«ዘመዱ ነው፤ አወሳሰዱ ግን ይለያል።»

«ይጻፉላቸዋ፣ እትዬ አስቴር። ሰውየው በአጨዳ መሃል አዳማ ይሂዱ?»

ከማልን «ሐጂ ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ፣ ዶክተር? የላኩኝ ይሄን ነው። ተሳፋሪ ሞልቶ እየጠበቀኝ ነው» አለ። ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር።

ጄምፋይብሮዚሉን አወጣሁ። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩበት። ያዘዘኝ ዳንኤል ነው፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይህን አንባቢ እንዳያምታታብኝ።

ጄምፋይብሮዚልና ሲምቫስታቲን አንድ ሰው ሆድ ውስጥ መግባት የለባቸውም። አንዱ ሌላው ከሰውነት እንዳይወጣ ያግደዋል። ሲምቫስታቲኑ ይጠራቀምና ጡንቻ ማፍረስ ይጀምራል፤ የፈረሰው ጡንቻ በደም ሄዶ ኩላሊትን ይዘጋል። ጭኑ ያመዋል፣ ሰውየው ይዝላል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ይህን ከእኔ የሸሸገ መጽሐፍ የለም። በሥልጠና ሰምቼዋለሁ፣ ለጀማሪዎችም አስተምሬዋለሁ።

ሐጂ ጭናቸውን ማመም ሲጀምራቸው አጨዳው ነው አሉ። ከመደብ መነሳት ሲያቅታቸው ደግሞ ቤተሰቡ መከረ። ምክራቸው ለእነሱ ልክ ነበር፤ ይህ ሰው ቅቤ ከተከለከለ ወዲህ ጉልበቱ አልቋል፣ አጥንቱ ደርቋል፣ ቅቤ ይመለስለት አሉ። ባለቤታቸው ጩኮ አሹላቸው፣ እግራቸውንም በቅቤ አሹት። መድኃኒቱንም አላስቋረጧቸውም፤ ሁለቱንም በሰዓቱ ሰጧቸው። ታዛዥ ቤተሰብ ነው። ጥፋት በታዛዥ ሰው ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ረሂማ መድኃኒት ቤት ገባች። ፊቷ ገርጥቷል። ሆስፒታል ያላገኘችውን የሽንት መድኃኒት የያዘ ማዘዣ ሰጠችኝ።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለአባቴ። ተኝቷል። ኩላሊቱ ነው ይላሉ። መቆም አይችልም፣ ሽንቱ ጥቁር ሻይ ሆኗል።»

«ምን ምን ይወስዳሉ?»

የያዘችውን ፌስታል ከፈተች። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ጄምፋይብሮዚል ወጣ። ከሥሩ ሲምቫስታቲን ወጣ።

«ይሄን ከየት አመጣችሁት?»

«ከመንግሥት። ቆየ እኮ። ጠዋትም ሁለቱን ውጧል፤ ሐኪሙ የደም ቅባቱን አታቋርጡ ብሎን ነበር።»

ሁለቱን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ዳንኤል ነገሩ ገብቶታል። እጄን ይዞ ወደ መጋዘን ወሰደኝና በሩን ገፋ አደረገው።

«እትዬ አስቴር፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ሐኪም ይዟቸዋል፤ እነሱ ይድረሱበት።»

«ዛሬም ይውጡታል፣ ዳንኤል። ፌስታሉ እኮ ተመልሶ ከአልጋቸው ሥር ይገባል።»

«መድኃኒቱን አቁሚ ይበሏት፣ በቃ። ለሐኪሙ ምን ወሰደዎት? ማዘዣ የለንም። የሚሰረዘው ፈቃድ የማን እንደሆነ ያውቁታል።»

«ሐኪሙ ምን እንደሆነ ካላወቀ በምን ያክማቸዋል?»

«እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለኝ።

ለእኔ ብሎ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆች ያነቡት ይሆናል። ጋዋኔን አውልቄ የክኒን ካርቶን ላይ ጣልኩና ከረሂማ ጋር ባጃጅ ያዝኩ።

ሐጂን አላወቅኳቸውም ነበር። ያ ሁሉ ቁመት አልጋው ላይ ሟሙቷል። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ጩኮ በማንኪያ ያጎርሷቸዋል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በእግሩ ቆሞ የሚያንቀላፋ ይመስላል። ሁለቱን መድኃኒት እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አንድ ላይ?» አለኝ።

«ሦስት ሳምንት።»

«ማን ነው ያዘዘው?»

«ማንም አላዘዘም። በባዶ ስትሪፕ እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

አየኝ። መሳደብ ፈልጎ ነበር፤ ጊዜ አልነበረውም። ሁለቱንም አስቆመ፣ የተሰቀለላቸው ግሉኮስ አይሆንም ብሎ ሌላ ፈሳሽ በደም ሥር በብዛት አስጀመረ፣ ደማቸውን ለጡንቻና ለኩላሊት ምርመራ አስቀዳ። በማግስቱ ኩላሊት ወደሚታጠብበት ሆስፒታል ላካቸው። ከመሄዳቸው በፊት ወደ ጎን ጠራኝና «ሌላ የሚወስዱት አለ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ የደም ቅባት ብቻ አሉኝ። ፌስታሉን አምጡ ማለት ነበረብኝ» አለ። ይህን ልጅ አከብረዋለሁ።

ሐጂ አልሞቱም። ከወር በላይ ተኝተው፣ ደማቸው በማሽን ታጥቦ፣ በሁለት ምርኩዝ ወደ ዲክሲስ ተመለሱ። ኩላሊታቸው በግማሽ ቀረ። መሬታቸውን አርሶ ምርቱን ለሚያካፍላቸው ሰው ለእኩል ሰጡ። ሞፈር ይዘው የሚቆሙ ሰው አይደሉም ከእንግዲህ።

ዳንኤል መድኃኒቶቹን የደባለቀው የሐጂ ቤተሰብ ራሱ ነው የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ እንድፈርም ጠየቀኝ። ቀደድኩት። የሆነውን በእጄ ጽፌ ለጤና ጽሕፈት ቤት አስገባሁ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ መድኃኒት ቤቱን መከሩት። መከሩት። ፈቃዴን ከግድግዳው አወረድኩና ወጣሁ። በሳምንቱ የሌላ ባለሙያ ፈቃድ በዚያው ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ባለፈው በዚያ ሳልፍ የሮቤ ሾፌር በላስቲክ የታሰረ ስትሪፕ ይዞ ሲገባ አየሁት። ቆሜ ቀረሁ። ገብቼ ልጮህ ነበር፤ ከዚያ በፊትም ገብቼ ጮኼያለሁ፣ በጥበቃ ነው ያስወጡኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሐጂ የደበቁት አልነበረም፤ ጠያቂ ነው ያጡት። ይህ አላስተኛ ሲለኝ ዲክሲስ ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ምርኩዞቹ አጠገባቸው ናቸው። ረሂማ መቀመጫ አወጣችልኝ። በአርሲ ወግ የበደለ ሰው ሽማግሌ ያስቀድማል፤ ብቻውን ሰተት ብሎ አይመጣም። ሐጂ ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«ሽማግሌ አልላክሽም?»

«ሽማግሌ ብልክ ለእነሱ ብለው ይቅር ይሉኛል። እኔ የመጣሁት መጀመሪያ ያደረግኩትን ከአፌ እንዲሰሙ ነው።»

ነገርኳቸው። ስለ ዳንኤል ልጀምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ፤ «የእሱን እሱ ይናገር» አሉ። የራሴን ጨረስኩ። ረሂማ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። ሐጂ ሲናገሩ ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

«ከማል ያን ቀን ስልክ ይዞ ነበር?»

«ይዞ ነበር።»

«ቁጥሬን ያውቃል። ስንዴዬን የሚገዛው ነጋዴ እርጥበቱ እንዴት ነው፣ በደንብ ደርቋል ወይ እያለ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውልልኛል። ለስንዴዬ ሦስት ጊዜ ነው። ወደ አፌ ለሚገባው መድኃኒት አንድ ጊዜ የደወለልኝ የለም።»

ይቅር በሉኝ አልኩ። «እሱን ሽማግሌ ስትልኪ እናየዋለን» አሉኝ። ሽማግሌ ልኬያለሁ፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። አልፈርድባቸውም።

ባንኮኒ ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። በባዶ ስትሪፕ መድኃኒት አትቀይሩ። ፊኖፋይብሬት ከሌለ የለም በሉ። ሲምቫስታቲን ለሚወስድ ሰው ጄምፋይብሮዚል አትስጡ፤ የሚወስደውን ካላወቃችሁም አትስጡ። ሾፌሩን ስልክህን አውጣ በሉትና በሽተኛውን ራሱን አነጋግሩ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።